በሠረገላ መንገዱ ላይ የተቀበረው

ሐሙስ ነበር፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ። ለቃለ መጠይቅ የተቀጠርኩት ለሦስት ሰዓት ነው። ግን የመቃብሩን በር ሁለት ጊዜ አልፌው ዞሬያለሁ። በሩ ጠፍቶብኝ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። በሦስተኛው ዙር መኪናዬን ከብረት አጥሩ ጥግ ፓርክ አድርጌ ስገባ፣ ፀጉራቸው የነጣ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ቢሮው ደጃፍ ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

«ሁለቴ አልፈሽ ስትሄጂ አይቼሻለሁ» አሉኝ። «እዚህ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ማለፉ አይቀርም። ነይ ግቢ።»

ሚስ ሎሬታ ይባላሉ፤ የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። በእንግሊዝኛ ስናወራ አንቱም አንቺም የለም። አሁን በአማርኛ ስጽፍ ግን አንቺ ማለት እጄ እምቢ አለኝ። ስድስት ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ። ባለፈው ወር ያንን ሥራ ለቅቄ ትምህርት ቤት ላይብረሪ ገብቻለሁ። አዲሶቹ ባልደረቦቼ «ከዚህ በፊት የት ነበርሽ?» ሲሉኝ «መዝገብ ቤት» ብዬ አለፍኩት። መቃብር ማለት አሳፍሮኝ ሳይሆን፣ ከጀመርኩ ማቆም እንደማልችል ስለማውቅ ነው። ከማውራት መጻፍ ስለሚቀለኝ ልጻፈው።

ሥራውን ማግኘቴን የነገርኳት ቀን እናቴ ሎስ አንጀለስ፣ ፓልምስ ሰፈር ባለችው አፓርታማችን ሶፋ ላይ ተቀምጣ የቤተ ክርስቲያን ስብከት በስልኳ ታዳምጥ ነበር። ስልኩን አጠፋችው።

«እኛ ሕያው አምላክ እያመለክን አንቺ ከሙታን ጋር ልትውዪ? ታሪክ ያጠናሽው ለዚህ ነው?»

«እማዬ፣ የምውለው ኮምፒውተር ላይ ነው።»

«ቤነፊት አለው?»

«አለው።»

«ዴንታልስ፣ ጥርስ ያሳክማሉ?»

«አለው።»

ትንሽ አሰበችና «ኦኬ፣ እንግዲህ ጌታ ያውቃል» ብላ ስብከቱን መልሳ ከፈተችው። ስለ ደሞዙ ብዙ የምለው የለኝም። ትንሽ ነበር፤ ወረቀቱ ብዙ ነበር።

መቃብሩ የተቆረቆረው ከተማዋ ገና ትንሽ ሳለች፣ ዙሪያው የብርቱካን እርሻ በነበረበት ጊዜ ነው። ያ ዘመን እንግሊዞች በንግሥታቸው ስም የቪክቶሪያ ዘመን የሚሉት ነው፤ የአሜሪካ ትልልቅ ከተሞችም መቃብር ሲሠሩ የዚያን ዘመን ወግ ይከተሉ ነበር። ያኔ መቃብር ሰው እሑድ እሑድ ልጆቹን ይዞ በሠረገላ የሚንሸራሸርበት መናፈሻም ጭምር ነበር። ስለዚህ መንገዶቹ አንዳቸውም ቀጥ ያሉ አይደሉም። ለመድረስ የሚቸኩል ሰው ስላልነበረ እየተጠማዘዙ ይሄዳሉ። ሐውልቶቹም የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ከመሃል የተሰበረ ዓምድ ከሆነ በወጣትነቱ የተቀጨ ሰው ነው፤ የተኛች የበግ ግልገል ከሆነች ሕፃን ነው፤ የተጨባበጡ ሁለት እጆች ከሆኑ ባልና ሚስት ናቸው። ይህን ቋንቋ በአንድ ወር ተማርኩት። ዛሬ ዙሪያውን የጎማ ጥገና፣ የልብስ ማጠቢያና የሜክሲኮ ታኮ መሸጫ መኪና ከቦታል። የአውቶቡስ ድምፅ እስከ መቃብሮቹ መሃል ድረስ ይሰማል። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት፣ ሣር የሚያጠጡት ሰዎች ውኃውን ሲዘጉ፣ አንድ አምስት ደቂቃ ያህል ምንም የማይሰማበት ጊዜ ነበር። ያንን አምስት ደቂቃ ላለማጣት በየቀኑ ቀድሜ እገባ ነበር።

በስድስት ዓመት ውስጥ ሦስት ሥራ አስኪያጆች ተቀያየሩ። ሦስቱም ደግ ሰዎች ነበሩ፤ ሦስቱም መቃብሮቹን ያውቁ የነበረው በካርታ ነው። ሚስ ሎሬታ የሚያውቁት በእግራቸው ነበር።

የጠፋ መቃብር ሲፈልጉ መያዣው እንደ መስቀል የሆነ ቀጭን የብረት ዘንግ ይይዛሉ። ዘንጉን መሬት ውስጥ ቀስ አድርገው ይሰዱታል እንጂ አይወጉም። «ክብደትሽን አታሳርፊበት፤ እጅሽ ይስማው» ይሉኝ ነበር። የዛፍ ሥር ሲነካ ይነጥራል፤ የሰመጠ ድንጋይ ሲነካ ጠቅ ይላል፤ አንድ ጊዜ የተቆፈረ አፈር ከሆነ ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ ከጎኑ ካለው ይልቅ ይለሰልሳል። ጽሑፉ የጠፋ እብነ በረድ ለማንበብ ደግሞ መስታወት ይዘን እንወጣለን። እኔ በመስታወቱ የፀሐዩን ብርሃን ከጎን እመልሳለሁ፤ እሳቸው ጎንበስ ይላሉ። ብርሃኑ በአግድም ሲያልፍ፣ ባዶ ይመስል የነበረው ድንጋይ ላይ ፊደሎቹ ጥላ እየጣሉ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። መጀመሪያ ያየሁት ቀን አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ሁለት ልማዶች ነበሯቸው። አንደኛው፣ ማንኛውንም የመዝገብ ካርድ ወደ መሳቢያው ከመመለሳቸው በፊት ስሙን ጮክ ብለው ያነቡታል። መጀመሪያ ጸሎት መስሎኝ ነበር። ስጠይቃቸው ግን «የድሮዎቹ ጸሐፊዎች የጻፉት የሰሙትን ነው። እነሱ የሰሙትን እኔም መስማት አለብኝ» አሉኝ። ሁለተኛው፣ ዘመዱን የሚፈልግ ሰው ሲመጣ «እዚህ የለም» አይሉም። «እስካሁን አላገኘሁትም» ነው የሚሉት። እኔንም ገና በመጀመሪያው ሳምንት አስጠንቅቀውኛል። የትሕትና ጉዳይ መስሎኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመቴ፣ አንድ ዓርብ፣ ሁለት የአገሬ ሰዎች ወደ ቢሮው ገቡ። ሴትዮዋን አውቃቸዋለሁ፤ ሊትል ኢትዮጵያ፣ ፌርፋክስ ላይ የቅመማ ቅመምና የልብስ ሱቅ ያላቸው እትዬ የውብዳር ናቸው። ሰውየው ጋሼ መኮንን ነበሩ፤ ለተማሪነት መጥተው መሐንዲስ ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ቶራንስ የሚኖሩ ሽማግሌ።

እኔ ከድንጋጤዬ «እንዴት ነሽ፣ እትዬ?» ብዬ ወጣሁ። ወዲያው ፊቴ ጋለ።

እትዬ የውብዳር ሳቁ። «ተይው፣ ልጄ። የልጅ ልጆቼም አንቺ ነው የሚሉኝ። እንዲያውም ወጣት ያደርገኛል።»

የመጡት ለገሠ ወልደየስ የሚባለውን የእትዬ የውብዳርን ታናሽ ወንድም ፍለጋ ነበር። ለገሠ ከጋሼ መኮንን ጋር አንድ ዩኒቨርሲቲ ሲማር በመኪና አደጋ ሞተ። አስከሬኑን አገር ቤት ለመላክ አቅም ያለው አልነበረምና ጓደኞቹ እዚሁ ቀበሩት። ሐውልት በኋላ እናሠራለን አሉ፤ አንዱ ተመረቀ፣ ሌላው ወደ ሌላ ከተማ ሄደ፣ ሳይሠራ ቀረ። እትዬ የውብዳር ከብዙ ዓመት በኋላ ወደዚህ አገር ሲመጡ ጋሼ መኮንን ይዘዋቸው መጥተው ዞሩ፤ ቦታውን ማግኘት አልቻሉም። አሁን ቢሮው ውስጥ ሐበሻ ልጅ አለች ሲባል ሰምተው እንደገና መጡ።

«በእጄ ነው የቀበርኩት» አሉ ጋሼ መኮንን። «አፈሩን በእጄ ነው የመለስኩት። ከዘንባባ ሥር ነው።»

እትዬ የውብዳር ወደ መስኮቱ ዞሩ። እስከ አጥሩ ድረስ የሚታየው ዘንባባ ነው። «ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው ብትለኝ ይሻል ነበር» አሏቸው፤ ሁለቱም ሳቁ። እንደዚያ ነበሩ። ጋሼ መኮንን በየቅዳሜው ከቶራንስ ድረስ ድራይቭ አድርገው ሱቃቸው ይመጡ እንደነበር፣ ስለ ለገሠም ያላወሩበት ቅዳሜ እንዳልነበር እናቴ ነግራኛለች።

«ፍትሐቱ በቤተ ክርስቲያን ተደርጎለታል» አሉኝ እትዬ የውብዳር ሲወጡ። «መቃብሩ ላይ ግን አንድ ሰው አልጸለየለትም። ዕድሜዬ እየሄደ ነው፣ ልጄ። እባክሽ።»

በዚያ ሰሞን ሚስ ሎሬታ ጉልበታቸውን ቀዶ ሕክምና ተደርገው ቤታቸው ነበሩ። የዚያ ዘመን የቀን መዝገብ ጣሪያው ሲያፈስ ረጥቦ ገጾቹ ተጣብቀዋል፤ የቀሩት ካርዶቹ ብቻ ናቸው። ሦስት ሳምንት ፈለግሁ። ለገሠን በሚጻፍበት መንገድ ሁሉ ሞከርኩ። ወልደየስን አንድ ላይም ነጥዬም፣ «የስ» የሚለውንም ብቻውን ሞከርኩ። ፈረንጅ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም ያደርገዋልና በሱም፣ በራሱም ስም ፈለግሁ። ምንም አላገኘሁም።

አንድ ማክሰኞ እትዬ የውብዳር ደወሉ። ፊት ለፊቴ ሁለት ቤተሰቦች ይጠብቃሉ። ስልክ ሲጮህ ሁልጊዜ ልቤ ይመታል፤ ቶሎ መዝጋት እንጂ ሌላ አይታየኝም። «እትዬ፣ ሁሉንም አይቻለሁ። ለገሠ እዚህ የለም» አልኳቸው።

 «እሺ፣ ልጄ። እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ዘጉ።

ሚስ ሎሬታ ሲመለሱ ነገርኳቸው። «ምን ብለሽ ነው የነገርሻት?» አሉኝ። ደግሜ ነገርኳቸው። ካርዶቹን ወደ መሳቢያው እየመለሱ «ዛሬውኑ ደውይላት። አላገኘሁትም በያት» አሉኝ። እሺ አልኩ። ዛሬ የነበረው ሰኞ ሆነ። ሰኞ ሌላ ሰኞ ሆነ። ለአንዲት አሮጊት መልሶ ስልክ መደወል ለምን እንደዚያ እንደከበደኝ ዛሬም ላስረዳ አልችልም። ስህተቴን መናገሩ ነው እንዳልል፣ ያኔ ስህተት መሆኑን ገና አላወቅሁም ነበር።

ያወቅሁት እራት ስንበላ ነው። እናቴ ሰላጣ እየቀላቀለች «ሰምተሻል?» አለችኝ። «እትዬ የውብዳርና ጋሼ መኮንን ተኳርፈዋል አሉ።»

«ለምን?»

«ወንድሜን አልቀበረውም፣ ለሕክምና ተማሪዎች ሰጥቶት ነው፣ ይህን ሁሉ ዓመት ሲዋሸኝ ኖረ አሉ። ድሮም እንደዚህ የሚሉ ነበሩ፤ እሳቸው ግን አያምኑም ነበር። አሁን ከመቃብሩ ቢሮ ማረጋገጫ ተሰጣቸው። ሱቄን እንዳትረግጥ አሏቸው።»

ማረጋገጫው ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ሰላጣ ይበላ ነበር። እናቴ አላወቀችም፤ እኔም አልነገርኳትም።

ከዚያ በኋላ አንድ ቅዳሜ ፌርፋክስ ሄድኩ። ልንገራቸው ብዬ ነበር። ጋሼ መኮንንን ከመንገዱ ማዶ መኪናቸው ውስጥ አየኋቸው። ሞተሩን አጥፍተው ወደ ሱቁ ያያሉ። ትንሽ ቆይተው አስነስተው ሄዱ። ካርዱን ሳልይዝ ምን እላለሁ ብዬ እኔም ተመለስኩ። የምሳ ሰዓቴን መሳቢያዎቹ ላይ ማሳለፍ የጀመርኩት ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ነው። እንዲህ ሦስት ዓመት አለፈ።

ባለፈው ዓመት ካርዶቹ ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ይግቡ ተባለ። ሚስ ሎሬታ እየመዘዙ ጮክ ብለው ያነባሉ፤ እኔ እተይባለሁ። አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ «ኦ» የሚለው መሳቢያ ላይ ደረስን። በ«ኦ» የሚጀምሩ የአየርላንድ ስሞች በዙብን፤ ጣቶቼ ሳላስብ ነበር የሚሄዱት።

«አቶ፣ ኤል ደብልዩ» አሉ ሚስ ሎሬታ።

ጣቶቼ ቆሙ። «ምን አሉኝ?»

«አቶ።»

«እንዴት ነው የተጻፈው?»

«ኦ፣ ቲ፣ ቲ፣ ኦ። የጀርመን ስም ነው፤ ምን ሆንሽ?»

እኛ ስናነበው ኦቶ እንላለን። በአሜሪካ ሰው አፍ ግን ያው አቶ ነው። ተነሥቼ ካርዱን ከእጃቸው ተቀበልኩ። የቤተሰብ ስም፦ ኦቶ። ሌላ ስም፦ ኤል ደብልዩ፤ የለገሠና የወልደየስ መነሻ ፊደሎች። ገለበጥኩት። ከጀርባው «ስሙን ያስመዘገበው» በሚለው መስመር ላይ የጋሼ መኮንን ሙሉ ስም ነበር፤ አጠገቡ «ጓደኛ» ይላል።

ለሚስ ሎሬታ አቶ ማለት ምን እንደሆነ ማስረዳት ነበረብኝ።  ሰምተው ሲጨርሱ ዘንጋቸውን ከጥግ አነሡ።

ካርዱ ላይ ቦታው «መንገድ አራት» ይላል እንጂ እንደሌሎቹ የክፍል ፊደል የለውም። እየሄድን ሚስ ሎሬታ ነገሩኝ። መሬቱ ሲሞላና ሠረገላ የሚነዳ ሰው ሲጠፋ፣ ከድሮዎቹ ጠምዛዛ መንገዶች አንዳንዶቹ ተዘግተው መቃብር ተደርገዋል። ለብቸኞች፣ ለእንግዶች፣ ዘመድ ለሌላቸው ይሰጥ ነበር። ከላይ ሣር ስለሆነ ዛሬ መንገድ መሆኑም መቃብር መሆኑም አይታወቅም። እትዬ የውብዳርና ጋሼ መኮንን ሲፈልጉ የዞሩት በሐውልቶቹ መካከል ነበር። ምናልባትም ረግጠውት አልፈዋል።

ካርዱ እንደሚለው ከአንድ የመርከብ አዛዥ ሐውልት ጥግ ጀምረን በሜትር ለካን። ዘንጉን ለእኔ ሰጡኝ። የሠረገላው መንገድ ጠጠር ከሣሩ ሥር አሁንም ተጠቅጥቆ አለ፤ ዘንጉ አንድ ስንዝር እንደወረደ ይቆማል። ጠጠር፣ ጠጠር፣ ጠጠር። ከዚያ እጄ በድንገት ወደ ታች ሄደ። ጠጠር የሌለበት፣ የለሰለሰ አፈር። ዳርቻውን እየተከተልኩ ወጋ ወጋ አደረግሁ። ርዝመቱ የአንድ ሰው ቁመት፣ ስፋቱ የትከሻ ያህል። በአራቱም ማዕዘን ትንንሽ ባንዲራ ተከልን። ሚስ ሎሬታ ሰዓታቸውን አይተው «ሱቋ ስንት ሰዓት ነው የሚዘጋው?» አሉኝ።

ፌርፋክስ ስደርስ እትዬ የውብዳር በርበሬ እየመዘኑ ነበር። ደንበኛዋ እስክትወጣ ጠበቅሁ። ካርዱን ኮፒ አድርጌ ይዤ ነበርና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«እትዬ፣ አገኘሁት። እዚያው ነው ያለው። መጀመሪያውኑም እዚያ ነበር። የለም ያልኩት እኔ ተሳስቼ ነው።»

መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ አዩት። «ይሄ የሌላ ሰው ነው። ኦቶ ነው የሚለው።»

«አቶ ነው፣ እትዬ። ያኔ የመዘገበችው ፈረንጅ አቶ የቤተሰብ ስም መስሏት ነው።»

ቀስ ብለው ተቀመጡ። ካርዱን ገልብጠው የጋሼ መኮንንን ስም በጣታቸው ነኩት። «ሦስት ዓመት ሙሉ ሰላም አላልኩትም» አሉ። «ሚስቱ ስትታመም አልጠየቅሁትም። አሁን ምን አፍ አለኝ?»

«እኔ እደውልላቸዋለሁ» አልኩ። እንዲህ ያልኩት እኔ መሆኔ ራሴንም ገረመኝ።

ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ጋሼ መኮንን «ማን ልበል?» ብለው አነሡት። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ» አልኳቸው። 

«ኦቶ አለችው?» አሉ፤ ሳቅ ያዛቸውና እስኪያስላቸው ሳቁ። «አዬ ጉድ። እኔ ነኝ እኮ። በስልክ ላስት ኔም አለችኝ፤ የቤተሰብ ስም ማለቷ ነው። አገሩን ገና አልለመድኩም፤ ሙሉ ስሙን የምትጠይቀኝ መሰለኝ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ አንድም ሰው አቶ ብሎት አያውቅም። አሁን እንኳ ይባል ብዬ፣ አቶ ለገሠ ወልደየስ አልኳት።» ሳቁ ቆመ። «ታውቂያለሽ፣ እኔም ራሴን መጠራጠር ጀምሬ ነበር። ሌላ መቃብር ይሆን እንዴ እያልኩ እዚህ ቶራንስ አካባቢ ያለውን ሁሉ ዞሬያለሁ።»

እትዬ የውብዳር ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «መኮንን።»

 «አቤት፣ እትዬ።»

«ነገ መጥተህ ትወስደኛለህ?»

«ስንት ሰዓት ልምጣ?»

በማግስቱ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ባንዲራዎቹን አንድ በአንድ አይቼ፣ ቦታው ላይ የወደቀውን የዘንባባ ቅርንጫፍ አነሣሁ። የሬሳ መኪና ብቻ የሚገባበትን ትልቁን በር ከፈትኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለቱም በአንድ መኪና መጡ።

ጋሼ መኮንን ግን አልወረዱም። መሪውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ «እርስዎ ይቅደሙ፣ እትዬ» አሉ። እትዬ የውብዳር ነጠላቸውን አጣፍተው ከእኔ ጋር ሣሩ ላይ ሄዱ። ባንዲራዎቹ መካከል ሲደርሱ «ራሱ በየት በኩል ነው?» አሉኝ። በካርዱ ላይ እንዳለው አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ሣሩን ነኩና አንድ ጊዜ ብቻ «ለገሠ» አሉ። ከዚያ ተመልሰው ወደ መኪናው ሄደው የሹፌሩን በር ከፈቱት።

«ውረድ እንጂ» አሏቸው። «ያስቀመጥከው አንተ አይደለህ? ና፣ አሳየኝ።»

ክንዳቸውን ይዘው ሲያወርዷቸው አየሁና ወደ ቢሮው ሄድኩ። የካርዱን ሣጥን ከፈትኩ። ኦቶ የሚለውን አልሰረዝኩትም፤ የድሮ ጽሑፍ አይሰረዝም። ከሥሩ በጥቁር ቀለም «ወልደየስን ተመልከቱ» ብዬ ጻፍኩበት። አዲስ ካርድ አወጣሁና የቤተሰብ ስም በሚለው ወልደየስ፣ ሌላ ስም በሚለው ለገሠ ብዬ ሞላሁ። ለማዕረግ የሚሆን ሣጥን ግን ቅጹ ላይ አልነበረም። ከታች፣ ማስታወሻ በሚለው ባዶ መስመር ላይ፣ በራሳችን ፊደል፣ ጎላ አድርጌ ጻፍኩት፦ አቶ።